«ሾትገን ልገዛ ነው» ቢላችሁ አትደንግጡ



ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጇ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ፣ አሁን ከጓደኞቹ ጋር ቪዲዮ መቅረጽ ጀምሯል። የእሱ ድርሻ ድምፅ ነው። የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች በወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል፦ ሾትገን፣ ቡም ፖል፣ ዴድ ካት፣ ላቫሊየር፣ ሪከርደር፣ ሄድፎን። የእሷ የዕቁብ ተራ ደርሷልና ገንዘቡን ለዚህ እንድታውለው ይፈልጋል። ታናሽ ልጇ ደግሞ ወረቀቱን ቃል በቃል ተርጉማላታለች። «ሲስተር፣ ሾትገን ጠመንጃ ነው፣ ዴድ ካት የሞተ ድመት ነው አለችኝ። ይሄ ልጅ ምን ውስጥ ገባብኝ?» አለችኝ።

ስቄ ሳበቃ አረጋጋኋት። እኔም ይህን ቋንቋ የለመድኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው፤ እሱ ለዓመታት በዚሁ ሙያ እንጀራውን ሲያገኝ ኖሯል፣ እኔም «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያልኩ ስጠይቀው ኖሬአለሁ። ዛሬ ልጆቻቸው ተመሳሳይ ወረቀት የሚሰጧቸው ወላጆች ብዙ ናቸው ብዬ ስለማስብ፣ ለጎረቤቴ የነገርኳትን ለእናንተም ላካፍል። ስለ ጤና የምለውም አለኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ።

ለምን ድምፅ?

በየቤቱ የሠርግ ቪዲዮ አለ። ሙሽሮቹ አምረዋል፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ኬኩ ይቆረሳል። አያት ብድግ ብለው ሲመርቁ ግን አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማው ጄኔሬተሩ ነው። አያት ካለፉ በኋላ ያ ምርቃት ከየት ይመጣል? ዓይን ብዙ ይታገሣል። ሥዕሉ ትንሽ ቢጨልም፣ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ እናየዋለን። ንግግሩ ካልተሰማ ግን ሁለት ደቂቃ አንታገሥም፣ እንዘጋዋለን።

ፊልም ራሱ ሲጀመር ድምፅ አልነበረውም። «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1927 ተዋናዩ ሲናገርና ሲዘፍን ካሰማ በኋላ ነው ዓለም ወደ ድምፅ ፊልም የዞረው። በ1951 ደግሞ ስቴፋን ኩደልስኪ የተባለ በፖላንድ የተወለደ መሐንዲስ፣ በስዊዘርላንድ ሆኖ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ መቅጃ ሠራ። ስሙን «ናግራ» አለው፤ በፖላንድ ቋንቋ «ይቀዳል» እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሥዕሉ በካሜራ፣ ድምፁ በናግራ ለየብቻ እየተቀረጸ በኋላ ይገጣጠም ነበር። ዛሬም ደህና ፊልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ካሜራው ርቆ ሲቆም፣ ማይኩ ተጠግቶ ይሰማል።

ምሥጢሩ መጠጋት ነው

ከሙያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ ብባል፣ መጠጋትን እመርጣለሁ። እኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን ከድሮ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ የታካሚ ደረት ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ የልብ ምቱን ጥርት አድርጎ ሰማው። ስቴቶስኮፕ እንዲህ ተጀመረ። ልቡ አልጮኸም፤ ሐኪሙ ነው የተጠጋው።

ማይክም እንደዚሁ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ በማይኩና በተናጋሪው አፍ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የንግግሩ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። የመንገዱ ጩኸት ግን አይቀንስም። ስለዚህ ከሩቅ የተቀዳ ንግግር በኋላ ከፍ ቢደረግ፣ አብሮ ከፍ የሚለው የሚኒባሱ ጥሩምባና የጎረቤት ውሻ ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ዕቃዎች በሙሉ ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ካሜራ ውስጥ ሳይታይ የመጠጊያ ዘዴ ነው፣ ሌላው የማይፈለገውን ድምፅ የመከላከያ ዘዴ።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ስሞች

ሾትገን፦ እንደ ዱላ ረዘም ያለ ማይክ ነው። ስሙን ያገኘው አፈሙዝ ስለሚመስል ነው። በጎኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከጎን የሚመጣውን ድምፅ ያደክማል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ይሰማል። ደጅ ላይ ጥሩ ነው። ግድግዳው ባዶ የሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ እየነጠረ ስለሚመለስ ያን ያህል አይረዳም። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ቤት ውስጥ አጠር ያለ ሌላ ዓይነት ማይክ የሚመርጡት።

ቡም ፖል፦ ማይኩ የሚሰቀልበት የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ነው። የሚይዘው ሰው «ቡም ኦፕሬተር» ይባላል። ማይኩን ከተናጋሪው ራስ በላይ፣ ከሥዕሉ ክልል ጥቂት ከፍ አድርጎ ወደ አፉ አዘንብሎ ይይዘዋል።

ዴድ ካት፦ የሞተ ድመት የተባለው ለማይኩ የሚለበስ ጸጉራም ልብስ ነው። ነፋስ ማይክ ሲመታ «ቡፍፍ» የሚል ድምፅ ይፈጥራል፤ ጸጉሩ ያንን ያበርዳል። ደጅ የሚሠራ ሰው ያለዚህ ባይወጣ ይሻለዋል።

ላቫሊየር፦ ልጆቹ «ላቭ» ይሉታል። ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ነው፤ ዜና አንባቢዎች ደረት ላይ የምታዩት። ባለሽቦም ገመድ አልባም አለ። ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ሲደረግ ጥሩ ይሰማል። ጠላቱ መፋተግ ነው፤ ነጠላ፣ ሐብል፣ ክራባት ሲነካው ይንኮሻኮሻል።

ሪከርደር፦ ድምፁን የሚቀዳው መሣሪያ ነው። ለቪዲዮ ሥራ የተለመደው መለኪያ በሰከንድ 48,000 ናሙና ነው፤ ጥራቱም 24 ቢት ይደረጋል። ሾትገንን የመሳሰሉ ብዙ ማይኮች ደግሞ ከሪከርደሩ 48 ቮልት ይፈልጋሉ። ይህ «ፋንተም ፓወር» ይባላል፤ በዚያው በማይኩ ገመድ ውስጥ ሳይታይ ስለሚሄድ ነው የመንፈስ ስም የተሰጠው። ገመዱ ሦስት እግር ባለው መሰኪያ ያልቃል፤ ስሙ ኤክስ ኤል አር ነው።

ሄድፎን፦ ይህን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የቀራጩ ግን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማይኩ የሚሰማውን በማይኩ ጆሮ ካልሰማ፣ ችግሩን የሚያውቀው ቤት ገብቶ ነው። ያኔ ደግሞ ተናጋሪውም ቀኑም አልፈዋል።

ጸጥታም ይቀዳል

ልጆቹ ሲቀርጹ ብታዩ የሚገርሟችሁ ልማዶች አሏቸው። ዳይሬክተሩ ከማስጀመሩ በፊት ድምፅ ቀራጩ «ስፒድ» ይላል፤ እየቀዳሁ ነው ማለቱ ነው። ቃሉ የቀረው ከካሴት ዘመን ነው፤ የመቅጃው ሞተር ትክክለኛ ፍጥነቱን እስኪይዝ ይጠበቅ ነበርና። ከዚያ አንዱ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ካሜራው ፊት ያጋጫል። ያ «ክላፐር» ለጌጥ አይደለም። ሰሌዳው የገጠመበት ሥዕልና «ጧ» ያለበት ድምፅ በኋላ ኮምፒውተር ላይ እርስ በርስ ይገጠማሉ። «ሲንክ» የሚሉት ይህን ነው። ካልገጠመ፣ አፍ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ቃል የሚሰማው።

ሌላው «ሩም ቶን» ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ ለ30 ሰከንድ ወይም ለ1 ደቂቃ ዝም ይላል፤ የክፍሉ ጸጥታ ይቀዳል። ባዶ ክፍል ዝም አይልም፣ የራሱ እስትንፋስ አለው። ንግግሩ ሲቆረጥና ሲቀጠል መሃሉን የሚሞላው ይህ ነው።

በመቅጃው ላይ የሚወጣ የሚወርደውን መስመር ደግሞ እኔ እንደ ደም ግፊት መለኪያ ነው የማየው። ዲጂታል መቅጃ ላይ ጣሪያው 0 ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በኔጌቲቭ ይቆጠራል። መደበኛ ንግግር ከኔጌቲቭ 20 እስከ ኔጌቲቭ 12 አካባቢ፣ ሳቅና ጩኸቱም ከኔጌቲቭ 6 ሳያልፍ ቢያዝ ይመረጣል። 0ን የነካ ድምፅ «ክሊፕ አደረገ» ይባላል። ይሰነጠቃል፤ በብዙ መቅጃ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ ድምፅ እንደነበረ አይመለስም።

ዕቁቡን ከመስጠታችሁ በፊት

ለጎረቤቴ «ልጅሽን ሦስት ጥያቄ ጠይቂው» አልኳት።

የመጀመሪያው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀርጸው ቤት ውስጥ ነው ደጅ? ሥራው በሙሉ በጠባብ ክፍል የሚደረግ ቃለ ምልልስ ከሆነ ሾትገኑ መጀመሪያ መገዛት የለበትም፤ ላቫሊየር ይቀድማል።

ሁለተኛው፣ ሪከርደሩ 48 ቮልት ይሰጣል ወይ? ማይኩን ገዝቶ የሚያስነሳው መሣሪያ ከሌለው ዕቃው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ሦስተኛው፣ የትኛውን መከራየት ትችላለህ? በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚፈለግ ዕቃ የዕቁብ ገንዘብ አይወጣም።

እኔ ብጠየቅ ሄድፎኑን መጀመሪያ፣ ላቫሊየሩንና አነስተኛ ሪከርደር ሁለተኛ፣ ቡምና ሾትገኑን ደግሞ ሥራው ራሱ ገንዘብ ሲያመጣ አደርጋለሁ። ልጁ ለሦስቱም ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ካለው ግን ሙያውን እየተማረ ነው ማለት ነውና «ይሄም ሥራ ሆኖ!» ብለን አናሸማቀው። ካሜራ የሚይዝ ብዙ ነው፤ ጥሩ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጤናው

ይህ ሙያ የሚበላው በጆሮ ነው። የውስጥ ጆሮ ድምፅን የሚቀበለው እጅግ ረቂቅ በሆኑ ጸጉር መሰል ሕዋሳት ነው፤ በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ይደርሳሉ። ሲወለድ የተሰጠን እነሱን ነው፤ ሲሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥን እንደ ወሰን ያስቀምጣል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ማለት ነው።

በቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። የሄድፎኑ ድምፅ ከሙሉው 60 በመቶ አይለፍ። በክንድ ርቀት ያለ ሰው ሲያናግረው ካልሰማ በዝቷል። ከሥራ ሲመለስ ጆሮው ውስጥ «ሲይይ» የሚል ጩኸት ካለ፣ ወይም ጆሮው የተደፈነ ከመሰለው፣ ያ ማስጠንቀቂያ ነውና በማግስቱ ይረፍ። ጩኸቱ ካልተወው ይመርመር። በየ1 ሰዓቱ ሄድፎኑን አውልቆ ጥቂት ደቂቃ ጆሮውን ያሳርፍ። ሄድፎንና ላቫሊየር ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉም ይጠረጉ፤ የጆሮ ቁስል ያለበት ሰው ያደረገውን ሌላው አያድርግ።

ቡም የሚይዝ ልጅ ክንዱን ከራሱ በላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። ትከሻውና ወገቡ ይጎዳሉ። በቀረጻ መካከል ያውርደው፣ ክንዱን ያፍታታ፣ ባዶ ሆዱን አይቁም። ዘንጉ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ፋይበር ነው፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። የመብራት ሽቦ ዝቅ ብሎ በተዘረጋበት ሰፈር ቀና ብሎ ሳያይ ዘንጉን እንዳያረዝም አደራ በሉት።

ሕፃናት ላሉበት ቤት ደግሞ ይህን በተለይ እላለሁ። አንዳንድ ርካሽ ባለሽቦ ላቫሊየሮች ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ አለች። ሕፃን ልጅ ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ ታቃጥላለች፤ የሊቲየም ዓይነቷ ጉዳት በ2 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ልጁ ምራቁን ማዝረብረብ፣ ማሳል፣ መዋጥ ማቃት ሊያሳይ ይችላል፤ ምንም ምልክት ላያሳይም ይችላል። መዋጡን ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ «እስኪ እንየው» ብላችሁም አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ከከተታትም እንዲሁ። ትርፍ ባትሪው ከፍ ባለ ቦታ ይቆለፍበት።

በእጃችሁ ባለው ስልክ

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለልጆቹ ሙያ ብቻ ብዬ አይደለም። በየቤታችን ታሪካቸው ያልተቀዳ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የእናታችን የአነጋገር ዜማ፣ የአባታችን ሳቅ፣ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ አቆጣጠር በፎቶ አይቀመጥም። ለዚህ ደግሞ ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለት ስልክ ይበቃል።

አንደኛውን ስልክ ፊታቸው በሚታይበት ርቀት አቁሙና ቪዲዮውን ይቅረጽ። ሁለተኛው የድምፅ መቅጃውን ከፍቶ ከአፋቸው ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ባለ ቦታ፣ ከሥዕሉ ክልል ውጭ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የታጠፈ ፎጣ ከሥሩ አድርጉ፤ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር እንዳይጓጉል። የስልኩ ማይክ በአብዛኛው ከታች በኩል ስለሆነ ታችኛው ጫፍ ወደ እሳቸው ይዙር። ሁለቱም ስልኮች ጥሪ እንዳይገባባቸው በአውሮፕላን ምልክቱ ይዘጉ። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ያ ጭብጨባ የእናንተ ክላፐር ነው፤ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ድምፁን ከሥዕሉ ጋር በዚያ ይገጥመዋል።

ክፍሉን ምረጡ። መጋረጃ፣ ምንጣፍና አልጋ ያለበት ክፍል ድምፅ አይመልስም፤ ባዶ ሳሎን ያስተጋባል። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሆንም። ቡናው ቀድሞ ይወቀጥ። ፍሪጁ የሚያጉረመርም ከሆነ ለጊዜው ይነቀልና የቤቱን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡት። ይህ የባለሙያዎች ብልሃት ነው፤ ቁልፉን ስትፈልጉ ፍሪጁን መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ። ኢንሱሊን ያለበት ቤት ይህች ብልሃት የግድ ናት።

ለባለታሪኩም እንጠንቀቅ። ዕድሜ ሲገፋ ቀጭን ድምፆች ቀድመው ከጆሮ ይርቃሉ፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ሳትጮኹ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ። ውኃ አጠገባቸው ይኑር፤ የደረቀ አፍ በማይክ ላይ ይንጫጫል። ከ30 ወይም 40 ደቂቃ በላይ አታስቀምጧቸው፤ ሌላ ቀን ይቀጥላል። ነጠላ የለበሱ እናት ከሆኑ፣ የኮሌታ ማይክ ካላችሁ ነጠላው ላይ ሳይሆን ቀሚሳቸው ላይ ይደረግ፣ ነጠላውም ወደ ትከሻ ይመለስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይጨርሱ አታቋርጧቸው። «እሺ፣ እህ» የምንለው በልማድ ነው፤ እሱም ይቀዳል። ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ዝም ሲሉ ዝም በሉ፤ ከዝምታ በኋላ የሚመጣው ቃል ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።

ሲያበቃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል የክፍሉን ጸጥታ ቅዱ። ከዚያ ማን እንደተናገረ፣ የት እንደሆነና ቀኑን ጮክ ብላችሁ ተናገሩና ዝጉ። ፋይሉን በዚያው ዕለት ቢያንስ ሁለት ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ፣ ምናልባት ውጭ አገር ካለ ልጅ ዘንድ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል።

ይህን የምታስቡበት ሰው ካለ፣ ጥሩ ማይክ እስኪገዛ አትጠብቁ። እሑድ ከቡና በኋላ ጀምሩ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።